ሁለት ቀን የማይዘጋ በር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ አበባው፤ ዱባይ።

እንዴት ሰነበትህ? ያ የወገብ ሕመምህ ተወህ ወይስ አለ? ሩሃማስ እንዴት ናት? ሙቀቱ በረደላችሁ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ግራ እጄ እንደገና በጄሶ ነው። እናታችን ደህና ናት፤ ከደብረ ኤልያስ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። በወረቀት የምጽፍልህ በስልክ ስነግርህ መሐል ላይ "ቆይ፣ ቆይ" ስለምትለኝ ነው። ወረቀት ቆይ አይባልም።

ባሌ የነበረውን እንዳላማውን ባለፈው ግንቦት፣ እጄን የሰበረኝ ዕለት፣ ስልኬ ላይ ባለው ቦታ ሁሉ አግጄው ነበር። የሥራ ሰዎች በሚተዋወቁበት ገጽ ላይም። ከተፋታን በኋላ አዲሱን መሥሪያ ቤቴንና የምቀይስበትን ቦታ እዚያ የጻፍሁት አያየውም ብዬ ነው።

እርሱ ለሽማግሌ ከሰሰኝ። እሑድ ኅዳር ሰባት እናታችን ቤት አራት ሆነው ጠበቁኝ። መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ "ባልሽን በስልክ ገዝተሽዋል አሉ" አሉኝ። አገድሁት እንጂ አልገዘትሁትም ብላቸው፣ "ምን ለየው? ፊቱን አታይም፣ ድምፁን አትሰሚም፣ ከማኅበር ለይተሽዋል። ግዝት ደግሞ የካህን ነው፤ አንቺን ማን ቀባሽ?" አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። እናታችን መሬት መሬት ታያለች። አንተም በዋዜማው ደውለህ "ለሽማግሌ እንቢ አይባልም፤ አታሳፍሪን" ብለኸኝ ነበር። እገዳውን ፈታሁት። መሪጌታም "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው መረቁኝ። ለሞተ ሰውም እንዲሁ ነው የሚባለው።

ወደ ማርቆስ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን ከፈትሁ። ገጽሽን ጎብኝቷል ይላል፤ ስሙ፣ ፎቶው። መልሼ ላግደው ስል፣ የፈቱትን ሰው ሁለት ቀን ሳይሞላ ማገድ አይቻልም አለኝ። ደጋግሜ ነካሁት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ ምን አደረገሽና ነው የምትወጊው?" አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት መስክ ላይ ነበርን። የሥራ ባልደረባዬ ዘመነ ሜትሩን ይዞ ማዶ ነው፤ እኔ ችካል እመታለሁ። መጀመሪያ ያየሁት የሽመሉን ጥላ ነው። የተጠገነውን ቦታ ለይቶ መታኝ። አውቆ። አጥንቴን ሰማሁት። "አሁን አግጂኛ!" አለ። ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ አረፈ። መዶሻው በቀኝ እጄ ነበር። ጉልበቱን መታሁት፤ ወደቀ፣ ሽመሉን ጣለ። ደገምሁት፣ እዚያው ላይ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲገባ በእጄ ተሰማኝ። ሦስተኛውን መንጋጋው ላይ። ያኔ ባዶ እጁን ነበር፤ ለፖሊስም አልደበቅሁም። ዘመነ ደርሶ ከኋላ ባያቅፈኝ አራተኛም ነበር። ወንድም ጋሼ፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም። የሚያስፈራኝ ይኸ ነው።

ማክሰኞ በዋስ ስወጣ ሁለት ቀኑ ሞልቶ ነበር። ጣቢያው በር ላይ ቆሜ አገድሁት። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቷል፤ እንደ ቀድሞው አይራመድም ይላሉ።

ሽማግሌዎቹ ትናንት ደግሞ እዚህ መጡ። "ይቅር ብሎሻል፤ አንቺም ፍቺው" አሉ። እናታችን ተነሥታ በሩን ከፈተችላቸው። እንዲወጡ።

እነርሱ ከወጡ በኋላ ያንተን ገጽ አየሁ። እንዳላማው ከወዳጆችህ አንዱ ነው። መስከረም ላይ ሹመቱን ሲለጥፍ "እንኳን ደስ አለህ አማቼ" ብለህበታል። እጄ የተሰበረው ግንቦት። አንተ ስሜን ባነሣህ ቁጥር እርሱ ያያል፤ የት እንዳለሁ በአንተ በኩል ይደርሰዋል። የእኔ በር ተዘግቶ የአንተ ክፍት ነው።

አግደው። ይህን ወረቀት የምታመጣልህ የጎረቤታችን ልጅ ሄለን ናት፤ የሰጠችህን ሰዓት ትነግረኛለች። ከዚያ ጀምሬ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ። ካላገድኸው የማግደው አንተን ነው። ሽማግሌም አትላክብኝ።

ሩሃማን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ሕፃኑ ጸጋው ጥርስ እንዳወጣ ሰምቻለሁ፤ ይንከስበት። ዘመነ ሰላም ብሎሃል። እናታችን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ "ሰላም በይልኝ" አለች። ቀጥላም፣ "የሁለት ቀኑንስ ጽፈሽዋል?" አለችኝ። ጽፌዋለሁ አልኋት።

እህትህ የኔአለም
ደብረ ማርቆስ፤ ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.