ሰው ሳይደግፈኝ ስነሳ

ለጥሩወርቅ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ባለሽበት የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስሽ። ከተለያየን ዓመት ሞላን። ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመትሽን አወጣን፤ ዘመድ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ነው ይህን የምጽፍልሽ። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ ዶሮ የጫረችው ይመስላል እያልሽ ትስቂበት ነበር። እንደምንም አንብቢልኝ።

ላሟ ወልዳለች። ገብሱ ቢጫ ሆኗል። የጓሮውን ጎመን ዛሬም የምኮተኩተው እኔ ነኝ። ይህን ለወሬ ማሟያ አላነሳሁትም፤ መኮትኮት የማልችልበት ጊዜ መጥቶ ስለነበር ነው።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ ሰው ሁሉ አስቀመጠኝ። ክፋት አልነበረውም፣ አክብሮት ነው። ውሃ ልቅዳ ብዬ ብድግ ስል ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ "በሞቴ ይቀመጡ!" ይለኛል። ጎረቤታችን ማሚቴ እሳቱን ታያይዛለች፣ ምሳዬን ታቀርባለች፣ ወንበሬን ፀሐይ ላይ ታወጣለች። ምን ልዋሽሽ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። መንፈቅሽ ሲደርስ ከመደቡ ለመነሳት ሁለት ሰው ይጎትተኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን መሳለሙ ቀረና ደጅ ለመውጣትም ሰው ጠባቂ ሆንኩ።

ልጃችን የሺ ለመንፈቅሽ ከጎንደር መጥታ ይህን አየች። "አባባ፣ ብቻዎን አይሆንልዎትም። እስከ ሙት ዓመቱ ልታገሥ፤ ከዚያ ቤቱን ዘግተን ከኔ ጋር ይገባሉ" አለችኝ። ልጅሽ እንደምትወደኝ አውቃለሁ። ግን ይህን በር መዝጋት፣ መቃብርሽንም ደባርቅ ትቶ መሄድ እንዴት እንደሚከብድ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከመመለሷ በፊት ማሚቴን አስከትላ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን መረመረና የተሰበረ ነገር እንደሌለ፣ ያደከመኝ እርጅናና መቀመጥ እንደሆነ ነግሮ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። መርፌ መስሎኝ እጅጌዬን ስሰበስብ ባለሙያዋ ሳቀች። ወጣት ናት፣ ሰው በእንቅስቃሴ ነው የምታክመው። "አባባ፣ ምን ምን ራስዎ መሥራት ይፈልጋሉ?" አለችኝ። ማስቀደስ፣ የባለቤቴ መቃብር ደርሶ መምጣት፣ እሳቴን ራሴ ማንደድ አልኳት። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበሩ እንድነሳ ነገረችኝ። አልቻልኩም። የሺ ፊቷን አዞረች።

"ጡንቻዎ ሥራ ፈትቶ ነው እንጂ አልሞተም" አለችና ባለሙያዋ ልምምድ ሰጠችኝ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ የበሩን መቃን ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ ሰው አጠገቤ ቆሞ ከወለል መነሳት። ዱላዬንም አየችብኝ። የሚያመኝ ቀኝ ጉልበቴ ስለሆነ በቀኜ ነበር የምይዘው። በግራዎ ይያዙት ስትለኝ የተሳሳተች መስሎኝ ነበር፤ ስሞክረው እውነትም ቀለለኝ። ስንወጣ ለየሺና ለማሚቴ "አጠገባቸው ቁሙ እንጂ አታንሷቸው" ብላ አስጠነቀቀቻቸው።

ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። "ጥሩዬ፣ ውሃ አቀብዪኝ" ስልሽ እንዝርትሽን ሳትለቂ "እንስራው እግር የለውም፤ አንተ አለህ" ትዪኝ ነበር። ስነሳ ደግሞ ከተቀመጥሽበት ሳትነቃነቂ፣ እያሾፍሽ "ኖር!" ትያለሽ። "በእግዜር" ብዬ ወደ እንስራው እሄዳለሁ። ሰው ጨካኝ ይልሽ ነበር። እኔም አንዳንዴ ይከፋኝ ነበር።

ልምምዱ በኛ አገር ወግ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሽማግሌ ሲነሳ ማን ተቀምጦ ይቀራል? አንድ እሑድ ጎረቤት ሊጠይቀኝ ተሰብስቦ ሳለ ሰዓቴ ደረሰና ተነሳሁ። ቤቱ በሙሉ "ኖር!" ብሎ ተነሳ። "በእግዜር" ብዬ ስቀመጥ ተቀመጡ። ደግሜ ስነሳ ደግመው ተነሱ። ስሠልስ የንስሐ አባታችን ግራ ገብቷቸው "ምነው፣ ወንበሩ ይቆረቁርዎታል?" አሉኝ። ነገሩን ባስረዳ ሳቁ አያድርስ ነው። ማሚቴ "እንግዲያው አብረን እንነሳለን፣ የኔም ጉልበት ዝጓል" አለች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቤታችን ሰው ሲነሳና ሲቀመጥ ይውላል። ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር ልል ብዬ ተውኩት።

ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ጭቃው አዳልጦኝ ጓሮ ወደቅሁ። ማንም አልነበረም። ጥቂት ጋደም ብዬ አካሌን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። ባለሙያዋ እንዳስተማረችኝ በጎኔ ዞርኩ፣ ተንበረከክሁ፣ የአጥሩን እንጨት ይዤ ደህናውን እግሬን አስቀደምኩና ቀስ ብዬ ቆምኩ። ከስግደት እንደመነሳት ነው። ለየሺ ልደብቃት አሰብኩ፤ መነሳቴን ልነግራት ከሆነ መውደቄንም መናገር አለብኝ ብዬ ደወልኩላት። የሰማችው ግን መውደቄን ብቻ ነው። "በቃ አባባ፣ ሙት ዓመቱ እንዳለፈ እወስድዎታለሁ" አለችኝ።

ሙት ዓመትሽ ዕለት በእግሬ ሄድኩ። ወንጌል ሲነበብ ቆሜ ሰማሁ፤ ሌላውን አረፍ እያልኩ ነው ያስቀደስኩት። መቃብርሽ ጋ ስንደርስ ተንበርክኬ አፈሩን ተሳለምኩ። የሺ ልታነሳኝ እጇን ዘረጋች። ማሚቴ ክንዷን ያዘቻትና "ተያቸው፣ ራሳቸው ይነሳሉ" አለቻት። ጊዜ ፈጀብኝ። ዱላዬን ተከልኩ፣ ግራ እግሬን አስቀደምኩ፣ ተነሳሁ። የሺ ጋቢዬ ላይ የቀረውን አፈር አራገፈችልኝ።

በማግስቱ አናጢ ጠርታ በበሩና በመጸዳጃ ቤቱ መደገፊያ እንጨት አስመታች። "በየወሩ እየመጣሁ አያለሁ" አለችና ሚኒባሱ ላይ ብቻዋን ወጣች።

ይህ ሁሉ እልህ ይሆን እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። እግሬ በእውነት እምቢ ያለኝ ቀን እሺ ብዬ እሄድላታለሁ። እስከዚያ እግዚአብሔር የተወልኝን ጉልበት ተቀምጬ አላባክነውም።

ጥሩዬ፣ አልረሳሽም። ጠዋት ከመደቡ ስነሳ ቤቱ ውስጥ ኖር የሚለኝ የለም። እኔ ግን አንቺ ትፈትዪበት ወደነበረው ጥግ ዞር ብዬ "በእግዜር" እላለሁ፤ ከዚያ ውሃዬን ልቀዳ ወደ እንስራው እሄዳለሁ።

ባልሽ