የራሱን ተዝካር ለበላው አባቴ

ይድረስ ለአባዬ፤ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤትህ።

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስ ሳላገኝ መጠየቅ ሰልችቶኛል። እኔ ደህና አይደለሁም። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እያልኩ ደክሞኛል፤ ላንተ እንኳ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት። ታላቅ ሰው ሁሉ አንቱ ይባላል እያልክ አሳድገህ ራስህን ግን አንተ ያስባልከኝ፣ እንዲህ እንደልቤ እንዳዋራህ አልነበር?

የግቢው ማንጎ ደርቆ አስቆረጥኩት። ክፍልህን ለአንዲት ተማሪ አከራየሁት። አባቴ እዚህ ክፍል ነበር፣ በደጉ ጊዜ ትያትርና የቴሌቪዥን ድራማ ይሠራ ነበር አልኳት። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ በምን ስም ልፈልጋቸው አለችኝ። ስምህ የትም ሳይጻፍ ምን ልበላት? አምና አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ሰዎች ለምኛለሁ። ዘበኛ የሆንክበትን፣ ሰካራም የሆንክበትን፣ የፍርድ ቤት ተላላኪ ሆነህ አንዲት ቃል ተናግረህ የወጣህበትን ሁሉ ጠየቅኳቸው። ካሴቶቹ ላይ ሌላ ነገር ተቀርጾባቸዋል አሉኝ። አንድ የድሮ ጓደኛህ ፎቶግራፍ ሰጡኝ፤ እሱም ላይ የዋናው ተዋናይ ትከሻ ግማሽ ፊትህን ከልሎታል። ድምፅህ እየጠፋብኝ ነው አባዬ። ትናንት ስሜን እንዴት ትጠራው እንደነበር ላስታውስ ብዬ አቃተኝ።

ያን ታሪክ ግን አልረሳሁትም። ስንቴ አጫውተኸኛል! የእህትህ የእትዬ ዘርፌ ጎረቤት እህል ሊሸጥ ቡሬ ወጥቶ፣ ሰው ተሰብስቦ ቴሌቪዥን የሚያይበት አዳራሽ ጎራ ይላል። አንተ በጥይት ተመትተህ ስትወድቅ፣ ሴቶች ሲያለቅሱብህ፣ በቃሬዛ ሲያወጡህ ያያል። ሰውዬው ምን ያድርግ? ዜናውም የሚመጣው በዚያው ሳጥን ነው። ጋቢውን አጣፍቶ ወደ አገሩ ገሰገሰ። በማግስቱ ሽማግሎች ጎህ ሲቀድ እትዬ ዘርፌ ደጅ ቆመው መርዶ ነገሯቸው። የሙት ልጅ ሆነህ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉህ ታላቅ እህትህ ናቸውና ለቅሷቸው ለሰሚ የሚከብድ ነበር ይባላል። አገሬው ለቅሶ ተቀመጠ፤ ለእናቴም የማጽናኛ ደብዳቤ ተላከ። ፖስታውን የከፈትከው አንተ ነህ! ነፍሱን ይማር የሚለውን ገና ሳትጨርስ አውቶቡስ ተሳፈርክ። ብትሮጥ ብትሮጥ የደረስከው ግን በአርባህ፣ ተዝካር ሲበላ ነው። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡብህ፤ ሰው ሁሉ ጮኾ ሸሸ። እትዬ ዘርፌ ብቻ አልሸሹም። ፊትህን ዳብሰው ዳብሰው ሰው መሆንህን ሲያረጋግጡ በማማሰያ ጀርባህን ዠለጡህ። አንተም ርቦህ ነበርና የራስህን ተዝካር ጠግበህ በላህ።

ከዚያ ነው ቤተ ክርስቲያን ወስደው ያስማሉህ። ከእህቴ ቀድሜ አልሞትም፣ በጨዋታም በእውነትም፣ ብለህ ማልክ። ወይ አባዬ! እንዲህ ያለ መሐላ ይማላል?

በጨዋታው በኩል ጠበቅከው። ሞት ያለበት ቦታ ሲሰጥህ አልሠራም እያልክ መለስክ። አንድ ጊዜ አዘጋጁ ዋናውን ሰው ሁንልኝ አለህ፤ ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅከው ነገር! ታሪኩ የአንድ ዳኛ ነው፤ መጨረሻው ላይ ይሰቀላል። ባይሰቀልስ ብለህ ለመንካቸው፤ ሳቁብህ። ሌላ ሰው ሠራው፤ ስሙም አገር ምድሩን አዳረሰ። አንተ በዚያው ድራማ የእስር ቤቱን በር የምትከፍተው ሆንክ። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚህ ስትነተርክህ ኖረች። እኔም ለማይም መሐላ ብለህ ዕድልህን ጣልክ፣ ጅል ነህ ብዬሃለሁ። አፈር ልብላ፣ ይቅር በለኝ።

የታመምከው መንገዱም ስልኩም በተዘጋበት ሰሞን ነበር። ቡሬ ቅርብ ሆና ሳለ ባሕር ማዶ ሆነችብን። ሦስት ቀን ሙሉ እትዬ ዘርፌን ጥሪልኝ አልከኝ። በማን ልጥራቸው? በመጨረሻ መሐላዬ ብለህ ጀመርክ፣ የቀረውን ሳትናገር አለፍክ። እሳቸው በሌሉበት ቀበርንህ።

መንገድ ሲከፈት ሽማግሎች ላክሁ። ወደ ቤት አላስገቧቸውም። አንዴ አልቅሼለት ተነሥቷል፤ ደግሞ ምሎልኛል፤ የኔ ወንድም መሐላ አያፈርስም ብለው መለሷቸው። ቀጥሎ እኔው ሄድኩ። ወንድሜ እንዴት ነው ልጄ ሲሉኝ፣ እግሩን ያመዋል፣ መንገድ አልቻለም አልኳቸው። እግዚኦ፣ ከዚያች ቃል በኋላ መመለሻ አጣሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ቡሬ እሄዳለሁ። እሳቸው ገበያ ወጥተው ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጥግ ይጠብቁኛል። ሰላም ብሎዎታል እላለሁ። ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አሁን ሻል ብሎታል፣ ለበዓል ሳይመጣ አይቀርም እላለሁ። ያለፈው ሳምንት ያልኩትን እንዳልረሳ መንገድ ላይ አጠናለሁ። እሳቸው ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ይልኩልሃል። አልበላውም፣ አልጥለውም፤ ጣሳ ሙሉ ነቅዞ ተቀምጧል። አባዬ፣ አንተን የወደደ ሰው ከእኔ ሌላ የቀረው አንድ ነው። ከዚያ ሰው ጋር እንኳ እንዳላለቅስ አፌን በገዛ ውሸቴ ሰፋሁት። ላብድ ነው ብዬ ነበር። ጸሎትም አቃተኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ግን ሰላም ብሎዎታል ስላቸው እጄን ያዙኝ። በቃሽ ልጄ፣ አባትሽ ያልሆነውን ሲሆን ያምርበት ነበር፣ አንቺ አትችይበትም አሉኝ። ሻሻቸውን ገለጥ አደረጉት፤ ፀጉራቸው ተላጭቷል። ሽማግሎቹ ከመጡባት ዕለት ጀምሮ ያውቁ ኖሯል! ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን እየተላጩ ብቻቸውን ሲያለቅሱ ኖረዋል። ለምን እትዬ፣ ለምን ብዬ ጮኽኩ። ሞተ ካልኩ መሐላውን አፈረሰ ማለቴ ነው፤ እዚያ ፈጣሪ ፊት ቆሞ እኔ እህቱ ልመስክርበት? አሉኝ። አሁን ግን ነፍስ አባታቸውን ጠይቀው፣ ያሰርኩትም እኔ ነኝ ብለው፣ ካስማሉህ ቦታ ቆመው ፈትተውሃል። መጻፍ ታውቂያለሽ፣ ንገሪልኝ አሉኝ።

እዚያው መንገድ ዳር ተቃቅፈን ጮኽን። የባጃጅ ሾፌሮች ማን ሞቶ ነው እያሉ ከበቡን። አባቴ ነው አልኳቸው። መቼ? አሉኝ። ዛሬ አልኳቸው።

እነሆ፣ መልእክታቸውን ነገርኩህ። ተፈትተሃል አባዬ፤ እረፍ። እኔ ግን ምን ልሁን? ለእሳቸው ብዬ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በየቅዳሜው ሰላም ብሎዎታል ስል ላንዲት ደቂቃ አንተን ከሞት እያስነሣሁ ለራሴ ነው። አሁን ያቺም ደቂቃ የለችኝም። እሳቸውም አርጅተዋል፤ ነገ እሳቸው ሲሄዱ አንተን የማስታውስ እኔ ብቻ እቀራለሁ። አልረሳህም። አልምልልህም እንጂ፣ አልረሳህም።

ልጅህ ስንታየሁ