ባለ ቢጫ ክዳኑ ብልቃጥ

ጥቅምት 4
ዛሬም ስክሪን ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። መሣሪያው ደም ውስጥ ያለውን ሁሉ በክብደት በክብደቱ ለይቶ ስክሪኑ ላይ በመስመር በመስመር ያሳየኛል። እኔ ደግሞ የቆሽት ካንሰር ያለባቸውን አርባ ሰዎች ከአርባ ጤነኞች ጋር አስተያያለሁ። ከታማሚዎቹ አንዷ እማዬ ናት፤ ሰባት ቁጥር። ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው፣ ደሟ ግን አሁንም ፍሪዘር ውስጥ...
ሻዬ ቀዘቀዘ።

ጥቅምት 11
አገኘኋት! አንዲት ረጅም መስመር። አርባዎቹም ታማሚዎች ላይ አለች፤ ጤነኞቹ ዘንድ ድርሽ አላለችም። "ረጅሟ" ብዬ ስም አወጣሁላት። አለቃዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "ረጋ በል። እንዲህ ያማረ ነገር ያስፈራኛል" አለኝ።
ምኑ ያስፈራል? እርጅና መሰለኝ።

ጥቅምት 12
ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ ጀርባዋን ያማታል። ምግብም አስጠልቷታል። እማዬን እንደጀመራት... ሳንናገር ለሁለታችንም ታየን። ለሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛለች።
ግን ከጤነኞቹ አንዷ እሷ አይደለችም እንዴ? ባለፈው ወር ላቦራቶሪያችን መጥታ ደሟን ሰጥታኛለች። "አንተ ደም መጣጭ፣ ለኔም አስተርፍልኝ!" እያለች።
ግራፏን በስልኬ አሳየኋት።
"ረጅሟ የለችብሽም። ነጻ ነሽ።"
"የምርህን?"
"እኔ ልሙት!"
አቀፈችኝ። ቀጠሮውን ሰረዘችው። ለሰው እንዲህ የጠቀምኩበት ቀን አላውቅም።

ኅዳር 2
እትዬ ቀበቶዋ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ስትበሳ ደረስኩ። "ቀጠንኩልህ፤ አላማረብኝም?" አለች። ሳቅን።
እኔ ምን አሳቀኝ?

ኅዳር 20
ከሌላ ሆስፒታል የታማሚዎች ደም መጥቶልን ነበር። ረጅሟ አንዱም ላይ የለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ፕሮግራሜን ፈተሽኩ፤ ስህተት የለውም። ጨንቆኝ ደም ወደምትቀዳው ነርስ ወረድኩ።
"የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ደም በምን ነበር የተቀዳው?"
"ሆስፒታላቸው ባለው ነዋ። ባለ ቢጫ ክዳኑ፣ ውስጡ ደሙን የሚለይ ዝልግልግ ጄል ያለበት።"
"የጤነኞቹስ?"
"እኛ ዘንድማ ሁሌም ባለ ሐምራዊው ነው። አሁን የመጡትም እንደዚያው ናቸው። ማን ጠየቀኝ፣ የኔ ልጅ?"
ባዶ ባለ ቢጫ ብልቃጥ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ጨምሬ መሣሪያው ላይ ጫንኩ። ረጅሟ ቀጥ ብላ ወጣች። ከውሃ! በሽታ አይደለችም... ጄሉ ናት።
እትዬ።

ኅዳር 21
ነገርኳት። አንገቴን ደፍቼ፣ እየተንተባተብኩ። አልጮኸችም።
"አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን" አለች። ቆጥራዋለች።

ኅዳር 30
ሐኪሟ የሲቲ ስካን ፊልሙን እያየች፣ "ጉበት ላይ ደርሷል። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ..." አለች። አልጨረሰችውም። እኔ ነኝ የጨረስኩት፣ መንገድ ላይ፣ ብቻዬን።

ታኅሣሥ 9
ከባዶ ጀምረናል። የአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያ ዓምድ የክዳን ቀለም ነው። የእትዬን ስም ከጤነኞቹ ሰርዤ ከታማሚዎቹ ጻፍኩ። አንድ ቁጥር።
ራሷ ናት ደሜን እንደገና ውሰዱ ያለችው። አልጋዋ ላይ ሆና ክንዷን ዘረጋች። ያ ክንድ... የልጅ አክሏል። የሆስፒታሉ ነርስ ባለ ቢጫውን ስታነሣ፣ "በሐምራዊው አድርጊልኝ፣ እህቴ" አለቻት። "ወንድሜ በቢጫ ተታሏል።"
ደም መጣጭ እስክትለኝ ጠበቅኩ። ብልቃጡ ሞላ። አላለችኝም።