የአባዬ ክትባት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12፣ አመሻሽ

ዛሬ ወልዲያ። ደግሞ ባዶ እጅ። እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልህ፤ ደብተሬ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሰኝ።

የመርሳ ጤ/ጣቢያ የሐጅ ክትባት እኛ ጋ የለም ስላለን ዛሬ አባዬን ይዤ ወልዲያ፣ መንግሥት ሆስፒታል። መድኃኒቱ አለ። አለ ግን የለም። የማጅራት ገትሩ አንድ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው፤ ከተከፈተ የዚያኑ ቀን ማለቅ አለበት። አሥር ተጓዥ ካልተሰበሰበ ሲስተሯ አትከፍተውም። እኛ ስድስት ነን። ሐሙስ ተመለሱ አለችን። ሚኒባስ ሳይሞላ እንደማይነሳ አውቅ ነበር፤ መርፌም ሰው እስኪሞላ እንደምትጠብቅ የነገረኝ የለም።

ሲስተሯን መቆጣት አማረኝ። ግን እውነቷን ነው። አንድ ሰው ወግቶ የዘጠኝ ሰው መድፋት ነውር ነው። ቁጣዬን ውጬ መጣሁ፤ መዋጡም ያደክማል።

አባዬ ግን ደስ ብሏቸው ነው የዋሉት። አግዳሚው ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወጉ፣ ሲሳሳቁ። መርሳ ስንወርድ የባጃጅ ልጆቹ ከወዲሁ «ሐጂ» እያሉ ጠሯቸው። ገና ከመርሳ ሳልወጣ ምን ሐጂ ትሉኛላችሁ ብለው ተቆጡ። ፊታቸው ግን ፈክቷል።

የነገን የኬሚስትሪ ትምህርት አልተዘጋጀሁበትም። ይቅር።

ማክሰኞ፣ 13፣ በእረፍት ሰዓት

ርዕሰ መምህሩ በትናንቱ መቅረቴ አኩርፏል። ሐሙስም እቀራለሁ ስለው ምን ሊል ነው?

ወልዲያ ውስጥ የግል ክሊኒክ አይቼ ነበር፤ ዛሬ ደወልኩ። እዚያ ለአንድ ሰው የሚሆን አለ። ሰው መጠበቅ የለም፣ ቢጫው የክትባት ካርድ ወዲያው ተሞልቶ ማህተም ይመታበታል። ዋጋው የደሞዜ ግማሽ። የሐጅ ጉዞው አስተባባሪ ካርዱንና ለጉዞ ብቁ ነው የሚለውን የሐኪም ወረቀት እስከ ረቡዕ ሳምንት ይፈልጋል፤ ያላመጣ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ልከፍል ቆረጥኩ።

አባዬ ወይ ፍንክች! ግራና ማሳቸው ላይ የሚያበቅሉት ሽንኩርት በየመስኖው ወቅት ተሽጦ፣ ጥቂት በጥቂት ተጠራቅሞ ነው ይሄ ጉዞ የተገኘው። የልጅ ደሞዝ አይገባበትም አሉ። «ዘይኔ፣ የኔ ሐጅ በኔ ላብ ነው። መንግሥት በነጻ የሚሰጠውን ትቶ መክፈል ደግሞ ጥጋብ ነው፣ ወላሂ።» ተለማመጥኩ። ተቆጣሁ። ማልቀስ ብቻ ነው የቀረኝ።

ሐሙስ፣ 15

ከየት ልጀምርልህ?

ዘጠኝ ሆነን ተገኘን። አንድ ሰው ጎደለ። አንድ! ሲስተሯ እንባዋ ሊመጣ ነው፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ በቁሜ አንቀላፋለሁ። አባዬ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ሽንት ቤት የሚሄዱ መስሎኝ አልተከተልኳቸውም። ለካ መናኸሪያ ሄደው፣ ሳዑዲ የሚሄድ አለ ወይ እያሉ በየአውቶቡሱ በር ሲጠይቁ ኖሯል። ከሐራ የመጣች ሀያት የምትባል ልጅ ይዘው ተመለሱ። ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ፣ ሻንጣዋን እንደጎተተች። ደላላዋ ክትባቱን ከፍለሽ ተወጊ ብሏት ብሩን ከየት እንደምታመጣው ጨንቋት ነበር አሉ። «አሥረኛዋ መጣች!» ሲሉ አግዳሚው በሙሉ ዱዓ አደረገ። እኔም ሳቅኩ፣ ከስንት ቀን በኋላ።

ሽማግሌዎች ከመወጋታቸው በፊት የደም ግፊት ይለካሉ፤ ሐኪም ለጉዞ ብቁ ናቸው ብሎ ሳይፈርም አይሆንም። ሲስተሯ አባዬን ለካች። ደግማ ለካች። ውሃ ይጠጡ፣ ትንሽ ይረፉ አለቻቸው። ሦስተኛ ስትለካ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ ያኔ ገባኝ።

ደም ብዛት። ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ ትሑት። ለብቻዬ ጠርቶ መርፌው ራሱ ምንም እንደማያደርጋቸው፣ የሚያስፈራው ጉዞው እንደሆነ ነገረኝ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ግፊያ፣ በእግር፣ በዚህ ደም ብዛት። መድኃኒት ጀምረው ሲወርድላቸው ለከርሞ ይሂዱ፤ አሁን አልፈርምም አለ።

እማዬም በዚሁ ነው የወደቀችው። ጠዋት ደህና ነበረች፣ ከሰዓት ግራና ማሳው ላይ ወደቀች፤ በዕድሜዋ አንድ ቀን ተለክታ አታውቅም። 

የአንድ ሰው ቢደፋም ይሁን ብላ ሲስተሯ ብልቃጡን ከፈተች። ሀያት ተወጋች፣ ሁሉም ተወጉ። አባዬ ሰዉን ሞልተው እሳቸው አግዳሚው ላይ ቀሩ። የሀያትን ግንባር ስመው መረቋት።  

ቅዳሜ፣ 17፣ ከግራና መልስ

ከድጡ ወደ ማጡ።

ቤታቸው ሄድኩ። ዶ/ሩ ያዘዘላቸው ኪኒን እንደታሸገ ነው። ራሴን አሞኝ አያውቅም፣ ምኑን ልዋጥ ይላሉ። ሐጅ ለቻለ ነው አይደል፣ አቅም ደግሞ የገንዘብ ብቻ አይደለም አልኳቸው። «ችያለሁ። ይኸው እግሬ» ብለው በግቢው አንድ ዙር ዞሩልኝ። ሳቄም እንባዬም መጣ።

ከዚያ ቁጭ አሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ ያንን የግሉን ክሊኒክ ክፈይልኝ አሉኝ።

ተረድተኸኛል? ዕድሜ ልካቸውን ከኔ ምንም ጠይቀውኝ የማያውቁ ሰው። ማክሰኞ በላቤ ነው ብለው እምቢ ያሉኝ ሰው። እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ከለከልኳቸው። የዘንድሮው ካለፈኝ ለከርሞ ማን አየ፣ እዚያ ብሞትስ ምን ቸገረሽ፣ የታደለ ነው እዚያ የሚቀበረው አሉ። እኔ ግን አልታደልኩም፤ አንዷን ወላጄን ሳልሰናበት የቀበርኩ ነኝ። ይህን አልነገርኳቸውም። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ሽማግሌ ይለካል ወይ? ካልፈለጋችሁ አይለካም፤ ወረቀቱም አብሮ ይፈረማል አሉኝ። እንዲህ ቀላል ነው። መንግሥት ቤት ስድስት ነን፣ ዘጠኝ ነን ስንል ከርመን እምቢ የተባልነውን፣ እዚህ የሚከፍል ሰው ይሁን እንጂ እሺ ይባላል።

ለወንድሜ ለከማል ኮምቦልቻ ደወልኩ። ክፈይ፣ በሰውና በጌታው መሀል አትግቢ አለ። ኮምቦልቻ ተቀምጦ መፍረድ ምን ይከብዳል።

ሰኞ፣ 19

ሦስት ክፍል አስተማርኩ፣ ምን እንዳስተማርኩ አላህ ይወቀው። አንዷ ተማሪ ቀመሩ ግራና ቀኙ እኩል አልመጣም አለችኝ። የኔም አልመጣልኝም ልላት ነበር።

ብሩን ከባንክ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አልጠየቅኩም ራሴን። እግሬ ወሰደኝ። ለአባዬም ነገ ይምጡ ብዬ ደወልኩ።

ታክቶኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ የአባዬን ደም ብዛት ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። ሲስተሯ ባትለካቸው፣ ከፍለን ተወግተን፣ እኔም በደስታ ሸኝቼ ቤቴ በተቀመጥኩ። ካወቁ በኋላ መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው። የምከፍለው ለመርፌው አይደለም፤ ማንም እንዳይለካቸው ነው።

ማክሰኞ፣ 20፣ ማለዳ

አባዬ ከግራና በመጀመሪያው መኪና ደርሰዋል። ነጭ ጋቢያቸውን አሳጥበዋል። ደጅ ቆመው ከጎረቤቴ ጋር ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ዛሬ ልጄ ልታስወጋኝ ነው እያሉ፤ አብሽሪ፣ አይዞሽ ዘይኔ፣ ቶሎ ውጪ እያሉ።

ልብሴን ለብሻለሁ። ብሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንተን ልዘጋህ እልና እንደገና እጽፋለሁ፤ እየፈራሁ ነው። አባቷን ከሐጅ ያስቀረች ልጅ አላውቅም። ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ ከማል ምን እንደሚል አውቃለሁ። የአባት እርግማን መሬት አይወድቅም ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

ግን ወስኛለሁ። አልከፍልም። ወልዲያ አብረን እንሄዳለን፣ ወደዚያ ወጣት ዶ/ር፤ ኪኒኑን ከፊቴ ይውጣሉ። አስተባባሪው ቦታቸውን ለሌላ ይስጥ። አሁን ወጥቼ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ እኔው ነኝ የምነግራቸው።

ይርገሙኝ። እዚሁ ደጃፌ ላይ፣ በሕይወት ቆመው ይርገሙኝ። እየጠሩኝ ነው፣ ልውጣ።