ፀሐይ የመታው ጡት

ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እርጥበቱን እንዴት ቻለው? ከብቶቹስ ከጎርፉ ተረፉ? ፍልሰታን ደግሞ እህል ሳትቀምሽ እየዋልሽ ይሆናል፤ አውቅሻለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ ማለቴ ነው እንጂ ልቤስ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል።

ስልክሽን ስሞክር ሰነበትሁ፤ ዝግ ነው። መብራት ከጠፋ ወዲህ ማን ቻርጅ ያደርገዋል። ዛሬ ጎረቤታችን በላይነህ ጨው ሊገዛ በታንኳ ተሻግሮ ወረታ ሲመጣ ገበያ ላይ አገኘሁትና የእህቴን የትሁንን ልጅ ተቅማጥ እንደያዘው ነገረኝ። እሱስ ይሁን፤ ክረምት ነው። ትሁን ሩዝ ስታርም ውላ ጡቷን ፀሐይ መትቶታል ብለሽ ልጁን ጡት ከለከልሽው፣ ውሃም እንዳይቀምስ አልሽ ሲለኝ ግን ክንዱን ለቀም አድርጌ ያዝሁት። ይዘኸኝ ሂድ ብዬ ብለምነው ታንኳው ከአንድ ሰው በላይ አይችልም አለኝ። በመኪናው መንገድም እንዳልመጣ የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን በልቶታል። እየሮጥሁ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ይኸን የምጽፍልሽ እዚያው ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። በላይነህ ሳይመሽብኝ እያለ ያቻኩለኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብኝ ግን አንድ በአንድ እጽፍልሻለሁ።

በላይነህ፣ አንተም ስታነብላት ቀስ ብለህ አንብብ። ትሁንም ትስማ።

እማዬ፣ አትቆጪኝ። ውሃ በሚወጣው ልጅ ላይ ውሃ አይጨመርም ትያለሽ። ምን ነካሽ? ከታች የሚፈሰውን ከላይ ካልተካነው ልጁ በምን ይቆማል? ውሃው የሸሸው ሩዝ ሲጠወልግ ስታዪ ኖረሽ የለም እንዴ?

ነርሷ ፀደይ ትባላለች። ሁኔታዬን አይታ ከወረፋው አውጥታ አነጋገረችኝ። ነገሩ ከጉድጓዱ ነው አለች። ጎርፉ የመጸዳጃ ቤቱንም የበረቱንም ጠራርጎ ጉድጓዳችን ውስጥ ከቶታል፤ ልጁ የጠጣው እሱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያልፈላ ውሃ ማንም እንዳይቀምስ። የልጁን ጨርቅ የነካ እጅ ሁሉ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከጠፋ አመድም ይሁን።

በላይነህ የያዘው ፓኬት ሕይወት አድን የሚሉት ቅመም ነው። አንዱን ፓኬት እንዳለ፣ አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው አንድ ሊትር ውሃ በጥብጪው። መለኪያ እንዳይቸግርሽ የሊትሩን ጠርሙስ አብሬ ልኬልሻለሁ። ይበዛበታል ብለሽ ፓኬቱን እንዳትከፍዪው፤ ይበቃል ብለሽም ውሃውን እንዳታሳንሺው። በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ስጪው። ቢያስመልሰው ጥቂት ታገሺና ደግሞ ጀምሪ። ያደረውን ድፊው። አብሮ የላክሁት ክኒን ዚንክ የሚሉት የተቅማጥ መድኃኒት ነው፤ ትሁን በጡቷ ወተት እያሟሟች በየቀኑ አንድ አንድ ትስጠው፣ ቢሻለውም እስኪያልቅ ድረስ። ጡቱንም አሁኑኑ ታጥባው። ደግሞ ጥርሱ ነው ብላችሁ ለዚያች ለጥርስ ነቃይ እንዳትሰጡብኝ። ሰጥታችሁት ብሰማ ዓይናችሁን አላይም።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገሽ ስትለቂው ተሸብሽቦ ከቀረ፣ እያለቀሰ እንባ ካጣ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ደም ካየሽበት ማደር የለም። ቅቤ ቀብተን እንየው፣ ጠበል ይቅደም ማለትም የለም፤ ጠበሉ በኋላም ይደርሳል። ተለቅ ያለ ታንኳ ለምናችሁ አምጡት፤ መንገድ ላይም እየጠጣ ይምጣ። እኔ ከነገ ጧት ጀምሮ ጎርፉ ዳር ነኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር። ፀሐይ የመታው ጡት ልጅ ይገድላል ወይ ብዬ ነርሷን ጠየቅኋት። ፈገግ አለች፤ ክፋት የለባትም። ወተቱ ጡት ውስጥ ሆኖ ፀሐይ አያገኘውም፣ እናት እርሻ ውላ ብትገባም ታጥባው አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ደግማ ያንኑ አለች። እማዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ እንደ እብድ አቀፍኋት።

ስለ ሟቹ ወንድሜ፣ ልጄን በገዛ ጡቴ ገደልሁት እያልሽ ስንት ክረምት ስታለቅሺ ሰምቻለሁ። አረም ውለሽ ገብተሽ፣ የፊተኛውን ወተት መሬት ላይ ሳታልቢ ሰጠሽው፤ ከዚያ ተቅማጡ ጀመረው። ይኸው ነው ጥፋቴ የምትዪው። አልነበረም እኮ። ጡትሽ አልነበረም። ደረትሽን መደብደብ ተዪው። ስለሱ የገባሽውን ንስሐም የንስሐ አባትሽ ለሌላ ኃጢአት ይቁጠሩልሽ።

ታዲያ ምን ገደለው ትይኝ ይሆናል። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርሁ፤ ምን አውቃለሁ። ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም ነበርና ሴቶቹ ጀግና ነው ሲሉት ትዝ ይለኛል። ሌላ ትዝ አይለኝም። ነርሷም ይኸን ስነግራት ምን እንደገደለው ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት መድኃኒቱን ስጪኝ ብዬ ተነሣሁ። እባክሽ፣ ከላይ የጻፍሁልሽን ምልክት ሁሉ ለዚህ ልጅ ብቻ ስሚው፤ ወደ ኋላ እንዳትወስጂው። የግድ ትጠይቂኝ እንደሆነ ልጁ ድኖ፣ ውሃው ጎድሎ፣ እኔም አጠገብሽ ተቀምጬ ይሁን። ያን ጊዜም ባትጠይቂኝ እወዳለሁ።

እመቤታችን ጾምሽን ትቀበልልሽ፣ ይኸንን ልጅ እንኳ ለዓይንሽ ታትርፍልሽ፣ አንቺንም ለእኔ ታቆይልኝ። በላይነህ ተነሥቷል። በቃ፣ እማዬ፣ ልቅሶውን ለኔ ተዪልኝና አንቺ ልጁን አጠጪው።

እየተቆጣች የምትሳሳልሽ
ልጅሽ