የኪዳኔ ካርድ

ሰኞ
ስሙን አልሰርዝም አልኩ! የፓምፕ ጥገና ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ተሾመ አዲሱን የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ዛሬ እንድንጀምር አዘዙና፣ “የሞተ ሰው እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?” አሉኝ። ሶፍትዌሩን ያዘጋጀልን እኮ ኪዳኔ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከጎረቤላ ሲመለስ መኪናው ጉም ውስጥ ገደል ገባ። “አርባው ሳይወጣማ ነውር ነው” አለ ቴክኒሻኑ አበባው። ጋሽ ተሾመ “እሺ፣ እስከዚያ ይቆይ” ብለው ወጡ።

የሶፍትዌሩ ሰሌዳ ሦስት ዓምድ አለው፦ የሚሠራ፣ በሥራ ላይ፣ ያለቀ። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ አለው፤ ካርዱን እየጎተቱ ማሻገር ነው። በኪዳኔ ስም የቀረው አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ ከጎረቤላ በታች ያለው ጤና ኬላ የውሃ ፓምፕ።

ማክሰኞ
የጠዋት የቁም ስብሰባ ጀመርን። መቀመጥ የለም! ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬ ምን ትሠራለህ? ምን አገደህ? “የደብረ ብርሃን ብርድ” አለ አበባው፤ ሳቅን። ፓምፑስ? “እሱ አልቋል” አለኝ። ካርዱን “ያለቀ” ውስጥ ከተትኩት።

ከምሳ ስመለስ “በሥራ ላይ” ሆኖ አገኘሁት። ከሥሩ “ኪዳኔ መለሰው” ይላል። በስመ አብ!

ረቡዕ
አንድ የድሮ የፓምፕ ፎቶ ለጥፌ እንደገና አሻገርኩት። ተመለሰ። ኪዳኔ መለሰው።

ሚስቱ ጋ ደውዬ ስልኩ ማን ጋ እንዳለ ጠየቅኋት። “ስልኩማ እዚያው ገደል ውስጥ ደቀቀ፤ ምነው እህቴ?” አለችኝ። ለሰላምታ ነው አልኩ። ምን ልበላት?

የጤና ኬላዋ ሲስተር ዘነበች ደውላ፣ “ፓምፑን ዓርብ ጠዋት ላብራው?” አለች። አብሪው አልኳት።

ሐሙስ
በስብሰባው ስም ስጠራ አፌ አምልጦኝ “ኪዳኔ” አልኩ። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። አበባው እንደ ቀልድ፣ “ምን አገደህ?” አለና ፊቱ አመድ መሰለ።

ለብቻው ያዝኩት። “አንተ፣ ፓምፑን በዓይንህ አይተኸዋል?”
“ከአደጋው ወዲህ በዚያ መንገድ አልሄድኩም። ፈራሁ። ኪዳኔ ጨርሶት የተመለሰ መስሎኝ ነው።”

ወይ ጉዴ! ዘነበች ጋ ብደውል ብደውል ኔትወርክ የለም። ከሰዓት መንገዱን ጉም ዘጋው፤ ሹፌሩ አልሄድም አለ። አብሪው ያልኳት እኔ ነኝ።

ዓርብ
ገና ሲነጋ ወረድን። ገደሉ ጋ ስንደርስ አበባው አማተበ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሲስተር ዘነበች እጇን ወደ ማብሪያው ዘርግታ ሳለ ደረስን። “ተይ! አትንኪው!” ብዬ ጮህኩ። ሽቦው ተልጦ ቆማ የነበረችበት ኩሬ ውስጥ ተጋድሟል። “ኪዳኔ እኮ አዲስ ሽቦ ይዤ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር የሄደው” አለች፤ “አብሪው ስትይኝ እናንተ ቀይራችሁት የሄዳችሁ መስሎኝ።”

አበባው ከመኪናው ሽቦ አውጥቶ እያለቀሰ ቀየረው። ውሃው መጣ። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ካርዱ “ያለቀ” ውስጥ ገባ፤ አልተመለሰም።

ቅዳሜ
ምስጢሩን አገኘሁት! ኪዳኔ የሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ ደንብ ትቶ ነበር፦ ፎቶ ያልተለጠፈበት ካርድ “ያለቀ” ውስጥ ከገባ በራሱ ይመለስ፣ በእሱ ስም። ሰውዬው እኮ ሥራ ሳያይ አያምንም ነበር። ሳቅሁም አለቀስኩም። እፎይ ብዬ ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩ ሳይመጣ ረቡዕ ትዝ አለኝ። ረቡዕ እኮ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ደንቡ ፎቶ መኖሩን እንጂ የድሮ ይሁን የአሁን አያውቅም።

ታዲያ ረቡዕ ማን መለሰው?

አርባው ቢወጣም ስሙን አልሰርዝም።