በጀፎረ መናፈሻ በር ላይ ስለተለጠፈው ስም

ለከተማችን የመናፈሻና የመዝናኛ ስፍራዎች ኮሚሽን
ወልቂጤ

ጉዳዩ፦ ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥበት በተጋበዘበት ሐውልት ላይ፣ ግብዣውን አክብሮ አስተያየት ስለ መስጠት

ክቡራን የኮሚሽኑ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴና ከከሰዓት በኋላው ርዝመት በቀር ደህና መሆኔን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ጤናችሁ እንደ አጥራችሁ የጸና፣ ዕድሜያችሁም ለአቤቱታ መልስ ለመስጠት እንደምትወስዱት ጊዜ የረዘመ ይሁን።

ትርንጎ ዘርጋ እባላለሁ። በዚሁ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ስሆን፣ ከእናንተም መካከል ቢያንስ ሁለቱን ፊደል ያስቆጠርኩ በመሆኔ፣ በመናፈሻው በር ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ ሳነብ የተሰማኝ ነገር የዜጋ ብቻ ሳይሆን የአስተማሪም ጭምር ነው። «አስተያየት» የሚለውን ቃል በሦስት መስመር ውስጥ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ መጻፍ ተሰጥኦ ይጠይቃል። ተማሪዎቼ ሳላችሁ ይህ ተሰጥኦ አልነበራችሁም፤ ከሹመቱ ጋር አብሮ የመጣ መሆን አለበት።

ማስታወቂያው እንደሚያስረዳው ኮሚሽኑ በመናፈሻው መካከል «ጉርብትና» የተሰኘ፣ ሁለት እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ የሚያሳይ የሲሚንቶ ሐውልት ለማቆም አስቧል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ከመስጠቱ በፊትም የሕዝቡን ሐሳብ በጽሑፍ መስማት ይፈልጋል። ሐሳባችንን በመፈለጋችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሜዳውን ስታጥሩትና በሩ ላይ ትኬት መቁረጫ ስታቆሙ ሳትጠይቁን የቀራችሁት ያኔ ሥራ በዝቶባችሁ እንደሆነ እረዳለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስሙ። እኔ የተወለድኩት እዣ ውስጥ፣ ከአገና ገበያ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንደር ነው። በቤታችን ፊት ለፊት የነበረው ጀፎረ ሰፊ ሣር ሜዳ ሲሆን፣ ሙሽራ የሚታጀበውም፣ ለቅሶ የሚቀመጠውም፣ ከብት የሚነዳውም፣ ልጅ የሚቦርቀውም እዚያው ላይ ነበር። ከጀፎረው አንድ ክንድ ቆርሶ ወደ ግቢው ያስገባ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆም ነበር። እናንተ የዚህን ከተማ ሜዳ ዙሪያውን በሽቦ አጥራችሁ፣ የብረት በር ገጥማችሁ፣ ከበሩ በላይ በትልቁ «ጀፎረ መናፈሻ» ብላችሁ ጽፋችሁበታል። አባቴ በሕይወት ኖረው ቢያዩት፣ ማንበብ ስለማይችሉ በስሙ ባልተከፉ ነበር፤ ሽቦውን አይተው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን ፊደል አያስፈልጋቸውም ነበር። ስም የማውጣት ችሎታችሁን አደንቃለሁ፤ ሜዳውን ወስዳችሁ ስሙን ባትተዉልን ኖሮ ምን እንዳጣን እንኳ ባላወቅን ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሐውልቱ። በአማርኛችን ሐውልት የሚለው ቃል በአደባባይ ለሚቆም ምስልም በመቃብር ላይ ለሚቆም ድንጋይም ያገለግላል። ተማሪዎቼን ጥያ ወስጄ ትክል ድንጋዮቹን ባሳየሁ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ፣ ሐውልት የሚቆመው ሰው ሲሞት ብቻ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም የለም፣ ለሕያውም ይቆማል እያልኩ እመልስ ነበር። ከማስታወቂያው ጋር በር ላይ የለጠፋችሁትን የሐውልቱን ሥዕል ካየሁ ወዲህ በመልሴ እጠራጠራለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በሥዕሉ ላይ በግራ በኩል ነጠላ ለብሳ መነጽር ያደረገችው ሴት እኔ ነኝ። በቀኝ በኩል በሰፊ ሻርፕ ተከናንባ፣ እጇን በባለመነጽሯ ሴት ጉልበት ላይ ያሳረፈችው ደግሞ ጎረቤቴ ዘይባ ሙከሚል ናት። አምና መስቀል ሰሞን ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ ፎቶ ላንሳችሁ ብሎን ነበር፤ ዘይባም አንሳን፣ ግን እንዳታስረጀን ብላ ፈቅዳለታለች። የቀራፂያችሁ ሥዕል ከዚያ ፎቶ መወሰዱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዘይባን አላስረጃትም፤ በዚህ ቃሉን ጠብቋል።

ዘይባ ከጉንችሬ ተድራ የመጣች፣ ባሏ ሱቅ የነበራቸው፣ በደህናው ዘመን ቤቷ ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው የሌለ ሴት ናት። ባሏ ካረፉ በኋላ ሱቁ ተከራየ፣ እሷም ወደ ጓሮዋ አንዲት ክፍል ገባች። ሰው ቤቷ ከገባ የሚቀርብ ነገር መኖር አለበት፤ ባዶ እጇን እንግዳ ተቀብላ አታውቅም፣ አሁን ደግሞ በየቀኑ የምታቀርበው የላትም። እኔም ቤት እንዳትመጣ ዳገቱን ጉልበቷ አይችለውም። ስለዚህ ለአሥራ አራት ዓመት የተገናኘነው በሁለታችን ቤት መካከል ባለው፣ እናንተ ባጠራችሁት በዚያ ሜዳ፣ ከዋንዛው ዛፍ ሥር ነበር። የአስር ሶላቷን ሰግዳ ትመጣለች፤ እኔም እወርዳለሁ። ሜዳ ላይ ባለቤትም እንግዳም የለም፤ ማንም ማንንም ማስተናገድ የለበትም። ይህን ለሹማምንት ማስረዳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናንተ ስትሰበሰቡ ውኃም ቆሎም ይቀርብላችኋል።

ትኬቱ የመጣ ጊዜ ለሁለታችን እኔ ልክፈል አልኩ። ሁለት ቀን መጣች። በሦስተኛው ጉልበቴን አመመኝ ብላ ላከች፤ በአምስተኛው እንግዳ መጣብኝ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቀሪ ተማሪዎችን ምክንያት ስሰማ ስለኖርኩ የትኛው እውነት የትኛው ሰበብ እንደሆነ ማወቅ አያቅተኝም። ሰው በከፈለላት ሜዳ ላይ ተቀምጣ ዘና ብላ ማውራት ዘይባ አትችልበትም።

እናንተም ይህን የመሰለውን ችግር አስቀድማችሁ ስላሰባችሁ የመግቢያ ክፍያ ድጋፍ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘረጋችሁ። ሥርዓቱ የተሟላ ነው። ከቀበሌ የድህነት ማረጋገጫ፣ ጉርድ ፎቶ፣ አመልካች መክፈል አለመቻሉን በፊርማው የሚያረጋግጥ ምስክር ይጠይቃል፤ ከዚያም ተቃውሞ ያለው እንዲያቀርብ የአመልካቹ ስም ከነምክንያቱ ለአሥር ቀን በር ላይ ይለጠፋል። አንዲት አሮጊት ተንኮል አስባ ሣር ላይ በነጻ እንዳትቀመጥ ያደረጋችሁትን ጥንቃቄ ሳልጠቅስ ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል።

ሦስተኛውን አቤቱታ ለማን ማቅረብ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ እዚሁ አካትቼዋለሁ። ተከሳሿ እኔ ነኝ።

ቅጹን ለዘይባ ሳልነግራት ሞላሁላት። ፎቶ ነበረኝ፤ የቀበሌውንም ወረቀት የቀድሞ ተማሪዬ ጻፈልኝ። ካርዱ ሲወጣ እንዲሁ ለሽማግሌዎች የተሰጠ ነው ብዬ አስገባታለሁ ብዬ ነበር። ቅጹ ላይ፣ ድጋፉ የተጠየቀበት ምክንያት በሚለው ሥር ከሦስቱ ባንዱ ብቻ ምልክት አድርጉ ይላል፤ ሀ) ሥራ አጥ፣ ለ) አካል ጉዳተኛ፣ ሐ) ጧሪ ቀባሪ የሌለው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናትን ሴት ሥራ አጥ ልላት አፈርኩ። በእግሯ ስለምትሄድ አካል ጉዳተኛ ብል ውሸት ይሆንብኛል አልኩ። ከጎረቤቷ ጋር መቀመጥ የምትፈልግ የሚል ቦታ ስላላበጃችሁ «ሐ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩም ምስክር በሚለው ላይ ፈረምኩ። ልጆችን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ትርጉሙን አስቡ እያልኩ ያረጀሁ ሴት፣ ሳላስብ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ቲማቲም ሻጭ በሩ ላይ ያነበበችውን ለዘይባ ነገረቻት። ዘይባ ማንበብ ስለማትችል ይሆናል፣ ደግማ ደጋግማ አስነበበቻት አሉ። ከዚያ በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ወጥታ ደጄ መጣች። ግቢ ስላት አልገባችም። እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፣ እንዲሁ ለወጉ ነው አልኳት። አንቺ እያለሽልኝ ቀባሪ የለኝም ብለሽ በእጅሽ ፈረምሽ አለችኝና በበትሯ እየተደገፈች ቁልቁል ወረደች።

ለማታውቁት ላብራራ። እኔና ዘይባ ከሁለታችን አንዷ ቀድማ ብትሄድ የቀረችው ከፊት ሆና እንደምትሸኛት ከተነጋገርን ቆይተናል። የእሷ በመስጊዱ ሥርዓት፣ የእኔ በቤተ ክርስቲያኔ ሥርዓት ይሆናል፤ ለቅሶ ደራሹን የሚቀበለው ሰው ግን አንድ ነው ብለን ነበር። ልጇ ሩፋይዳ አዲስ አበባ ናት፣ የእኔ አቤኔዘር ሐዋሳ ነው፤ ልጆቻችን ደርሰው እስኪመጡ ከሬሳችን አጠገብ የምንቀመጠው እኛው ነን። እኔ በገዛ ብዕሬ ያንን ቦታ ባዶ ነው ብዬ መሰከርኩ። መንግሥት ፊት፣ በፊርማዬ።

ይህ ከሆነ ሃምሳ ሦስት ቀን ሆነ። በእነዚህ ቀናት አንድ ጊዜ ትኬት ቆርጬ ገብቼ ከዋንዛው ሥር ተቀምጬ ነበር። ሣሩ ተከርክሟል፤ ሥራችሁን አመሰግናለሁ። ከፊቴ ጥንዶች ሴልፊ ይነሱ ነበር፣ ፈንጠር ብለው የሚቀመጡትንም አየሁ፣ ደህና ዋሉ ያለኝ ግን የለም። ጠዋት ገበያ ስሄድ የሰማሁትን ያየሁትን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ለዘይባ እነግራታለሁ እያልኩ ሳጠራቅም እውላለሁ፤ የምነግራት ሰው እንደሌለችኝ ትዝ የሚለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አቤኔዘር እሑድ እሑድ ሲደውል ቴሌቪዥን እዪ ይለኛል። አያለሁ። ቴሌቪዥኑ ግን ከዚያስ ምን አልሽው ብሎ አይጠይቅም። ብቻዬን ነኝ ክቡራን፤ ዕድሜዬን ሙሉ ብቸኝነት የሌላ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ አስተያየት ስለጠየቃችሁ፣ ያሉኝ እነሆ። በመጀመሪያ፣ ለአሥር ቀን ተብሎ የተለጠፈው ዝርዝር እስከ ዛሬ ከበሩ አልተነሣም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ዘበኛው፣ የሚለጥፈው ክፍል ሌላ ነው፣ የሚያነሣው ክፍል ገና አልተቋቋመም ብሎ በትሕትና አስረድቶኛል። ክፍሉ እስኪቋቋም ድረስ ወረቀቱን ራሴ እንድገነጥል ይፈቀድልኝ፤ ወንጀል ከሆነም ስሜንና ሰፈሬን ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ፣ «ሐ»ን ሰርዙልኝ። ትኬቱን ባትሰርዙ ግዴለም፤ ያንን መሥመር ሰርዙ። ሰው ሣር ላይ ለመቀመጥ ቀባሪ የለኝም ብሎ የሚፈርምበት አገር አይኑረን።

ስለ ሐውልቱ ደግሞ፣ ማቆማችሁ ካልቀረ አንድ እርማት አለኝ። በሥዕላችሁ ላይ አፏን ከፍታ የምታወራው መነጽር ያደረገችው ናት። ስሕተት ነው። የምታወራው ዘይባ ነበረች፤ እኔ እሰማ ነበር። የሲሚንቶዎቹ ሴቶች ያለ ትኬት ሌትና ቀን እንዲቀመጡ ስለተፈቀደላቸውም በራሴና በእሷ ስም አመሰግናለሁ። የከተማው ጎብኚ ጉርብትና ምን ይመስል እንደነበር ከእነሱ ይማራል፤ በሕይወት ያለነውን ግቢው ውስጥ ስለማያገኘን።

የኮሚሽኑን ውድ ጊዜ በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አጥሩን ላቆሙ እጆች፣ ቅጹን ላረቀቁ አእምሮዎች፣ ማስታወቂያውን ለጻፉ የቀድሞ ተማሪዎቼም ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

የከተማው ነዋሪ፣ የአማርኛ ጡረተኛ፣ የሥዕላችሁ የግራዋ ሴት፣
ትርንጎ ዘርጋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስወርድ መንገዴ በዘይባ ደጃፍ ነበር። በሩ ዝግ ነው። ከውጭ ሆኜ ለኮሚሽኑ ጽፌልሻለሁ፣ ያንን ነገር እንዲሰርዙት ጠይቄያለሁ አልኳት። ከውስጥ ስንት ገጽ ጻፍሽላቸው አለችኝ። አራት አልኳት። ለእነሱ አራት ገጽ አግኝተሽ ለእኔ አንድ ቃል ጠፋሽ ወይ አለች። እውነቷን ነው ክቡራን፤ በሃምሳ ሦስት ቀን ውስጥ ለቀበሌው፣ ለዘበኛችሁና ለእናንተ አቤት ስል ዘይባን ይቅርታ ብያት አላውቅም ነበር። አሁን ብያታለሁ። ይህን የምጽፈው ደጃፏ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። በሩ ገና አልተከፈተም፤ ተነሺ ብሎ ትኬት የሚጠይቀኝም የለም።